«ዲስኩ ከረጢቱን ተጭኗል» ሲባል፦ ስለ ሕብለ ሰረሰር ሽፋንና ስለሚደርስበት ጫና



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሚገኘው በወገብና በአንገት የኤምአርአይ ምርመራ ውጤት ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዲስኩ ወደ ኋላ ገፍቶ የሕብለ ሰረሰሩን ከረጢት ተጭኗል» ይላል። ታካሚው ወረቀቱን ይዞ ወደ ምርመራ ክፍሌ ከመድረሱ በፊት ለልጁ አስነብቦታል፣ ለጎረቤቱ አሳይቶታል። መጀመሪያ ከባድ ነገር ማንሳት ይተዋል፤ ቀጥሎ ጎንበስ ማለት ይተዋል፤ በመጨረሻም ሥራውን ትቶ ይመጣል። «ዶክተር፣ ሽባ የምሆነው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝም አለ። በአንጻሩ ደግሞ በእርግጥ ሽባ ሊያደርግ የሚችል ምልክት የያዘው ሰው «ወገቤን ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ቤቱ ተኝቶ ይሰነብታል። አንዱ ያለ በቂ ምክንያት ይፈራል፤ ሌላው መፍራት ሲገባው ይዘናጋል። ይህ መዛነፍ የሚመጣው ከረጢቱ ምን እንደሆነ፣ በውስጡ ምን እንዳለና ምን ያህል ጫና መቋቋም እንደሚችል ስላልተነገረን ይመስለኛል።

ስለዚህ ከከረጢቱ እንነሣ። የአከርካሪ አጥንቶቻችን በጥቅሉ 33 ናቸው፤ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ፣ የቀሩት 9 ደግሞ እርስ በርስ ተጣብቀው ከወገብ በታች ያለውን የዳሌ የኋላ አጥንትና የጭራ አጥንትን ሠርተዋል። እያንዳንዱ አጥንት ከኋላው ቀለበት አለው። ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረደሩ ከራስ ቅል ሥር ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ቦይ ይፈጠራል። በዚህ ቦይ ውስጥ፣ ውኃ የመሰለ ጥሩ ፈሳሽ የሞላበት ረጅም ከረጢት አለ። የውጨኛው ሽፋን ጠንካራ ነው፤ በሕክምና ቋንቋ ዱራ ማተር ይባላል፤ «ጠንካራ እናት» ማለት ነው። ከእርሱ ሥር የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ሽፋን፣ ከዚያም ሕብለ ሰረሰሩን ራሱን ተለጥፎ የሚያለብስ ሦስተኛ ሽፋን አለ። ፈሳሹ የሚገኘው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሽፋን መካከል ነው።

ከጉዳዬ ጥቂት ወጣ ልበልና፣ «እናት» የሚለው ስያሜ ላቲን ይምሰል እንጂ ሐሳቡ የዐረብኛ ነው። የዐረብኛ ጸሐፍት ሐኪሞች አንጎልን አቅፎ የሚይዘውን ሽፋን «እናት» ይሉት ነበር። የአንጾኪያው እስጢፋኖስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የዐሊ ኢብን አል-ዐባስን ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ ወደ ላቲን ሲተረጉም ቃሉን በቀጥታ ወሰደው። እኔ ይህን ስያሜ እወደዋለሁ፤ ልጇን አዝላ ለምትሄድ እናት አገር ትርጉሙ ሩቅ አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ሕብለ ሰረሰሩና ከረጢቱ እኩል ርዝመት የላቸውም። በአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰሩ የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። ከረጢቱ ግን ከዚያ አልፎ እስከ ዳሌው የኋላ አጥንት፣ እስከ ሁለተኛው ክፍሉ ድረስ ይወርዳል። ሕብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች በከረጢቱ ውስጥ የምናገኘው፣ ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ ፊንጢጣ የሚወርዱ የነርቭ ሥሮችን ነው። በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፈው ሲታዩ የፈረስ ጅራት ስለሚመስሉ ስማቸውም የፈረስ ጅራት ነው። የወገብ ዲስክ በብዛት የሚወጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች፣ ማለትም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል እንዲሁም በአምስተኛውና በዳሌው የኋላ አጥንት መካከል ነው። እንግዲህ «የወገቤ ዲስክ ሕብለ ሰረሰሬን ተጭኖታል» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በዚያ ስፍራ ስለሌለ ነገር ነው። የተጫነው ከረጢቱን ነው፤ በከረጢቱ ውስጥ ያሉትም ከሕብለ ሰረሰር ይልቅ ጫናን የሚታገሡ፣ በፈሳሹ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ፈቀቅ ማለት የሚችሉ የነርቭ ሥሮች ናቸው።

በከረጢቱና በአጥንቱ መካከልም ባዶ አይደለም። ስብ አለ፤ ቀጫጭን ግድግዳ ያላቸው የደም መላሽ ሥሮች መረብም አለ። ዲስክ ወደ ኋላ ሲገፋ መጀመሪያ ቦታ የሚለቀው ስቡ ነው፤ ቀጥሎ ደም መላሾቹ ይጨመቃሉ፤ ከዚያ ከረጢቱ ይሰረጉዳል፣ ፈሳሹም ወደ ላይና ወደ ታች ይሸሻል። የነርቭ ሥሮቹ የሚጨነቁት ይህ ሁሉ መጠባበቂያ ካለቀ በኋላ ነው። ታዲያ የምርመራው ወረቀት «ከረጢቱ ተሰርጉዷል» ሲል ከዚህ ረጅም መንገድ ላይ አንዱን፣ ያውም ብዙ ጊዜ ገና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነው የሚነግረን። የራዲዮሎጂ ባልደረቦቼን ሁልጊዜ የምለምነው በሥሮቹ ዙሪያ የቀረ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን እንዲጽፉልኝ ነው። ፈሳሽ ከታየ ቦታ አለ ማለት ነው።

ወደ ዲስኩ ልምጣ። በአገራችን «ዲስክ መንሸራተት» የሚል አነጋገር ተለምዷል። አነጋገሩ ሐሰት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው። ሰው እንደ ሸክላ ሳህን ከመደርደሪያው ሊንሸራተት የሚችል ነገር በወገቡ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ የተንሸራተተውንም በማሸትና በመጎተት ወደ ቦታው መመለስ የሚቻል ይመስለዋል። ዲስክ አይንሸራተትም። ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተያያዘ ነው። መካከሉ በወጣትነት ጊዜ አብዛኛው ውኃ የሆነ ዝልግልግ እምብርት ነው። ዙሪያውን ከ15 እስከ 25 የሚደርሱ የጠንካራ ክር ንብርብሮች ከብበውታል፤ የአንዱ ንብርብር ክሮች ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ የሚቀጥለው ወደ ግራ ያዘነብላል። በአዋቂ ሰው የዲስኩ ውስጠኛ ክፍል ደም ሥር የለውም፤ ምግቡ የሚደርሰው ከአጎራባቹ አጥንት በስርገት ነው። በዚህም ምክንያት ዲስክ ቀድሞ ያረጃል፣ ሲጎዳም ቀስ ብሎ ይጠገናል። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው ይቀንሳል፣ ንብርብሮቹ ይሰነጠቃሉ። አንዳንዴ ዙሪያው ብቻ ያብጣል፤ አንዳንዴ እምብርቱ በስንጥቁ አልፎ ይወጣል፤ አልፎ አልፎም ቁራጩ ተነጥሎ በቦዩ ውስጥ ይወድቃል። ከዲስኩ ኋላ፣ በመሐል መስመር ላይ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጅማት ስላለ ቁራጩ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ያመልጣል፤ እዚያም ከከረጢቱ ሊወጣ የተዘጋጀውን አንድ የነርቭ ሥር ያገኘዋል። በቀጥታ በመሐል ከወጣ ግን ፊት ለፊት የሚያገኘው ከረጢቱን ራሱን ነው። ይህን ልዩነት ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

ሕክምና ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። የኔፕልሱ ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ በ1764 እ.ኤ.አ. ከዳሌ ወደ እግር የሚወርደው ሕመም ከነርቭ የሚነሣ መሆኑን ጽፏል። የሚገርመው በዚያው መጽሐፍ በአከርካሪው ውስጥ ያለውን ፈሳሽም ገልጿል። ሆኖም ሕመሙን ከዲስክ ጋር ለማገናኘት 170 ዓመት ፈጀ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በከረጢቱ ላይ ያረፈ የልም አጥንት ጓል ያገኙ ነበር፤ ዕጢ ነው ብለው ያወጡታል፤ ታካሚው ይሻለዋል። በ1934 እ.ኤ.አ. በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች የነበሩት ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር እነዚያ «ዕጢዎች» በአብዛኛው ከቦታቸው የወጡ የዲስክ ቁራጮች መሆናቸውን አሳዩ። ግኝቱ ታላቅ ነበር። ነገር ግን ሁሉም የወገብ ሕመም ከዲስክ፣ የዲስክ ሕመም ሁሉ ከጫና ነው የሚል ቀላል እምነትም አብሮት ተወለደ። ዛሬ በወረቀቱ ላይ የምናነበው ዓረፍተ ነገር የዚያ እምነት ልጅ ነው።

ጫና ብቻውን ሕመም አለመሆኑን ያሳዩ ሁለት ሥራዎችን ላንሣ። በ1958 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ስሚዝና ራይት የተባሉ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ጊዜ በነርቭ ሥሮችና በሌሎች ሕብረ ሕዋሳት ላይ የናይለን ክር አስረው ጫፉን በቆዳ በኩል አወጡ፤ ታካሚው ከነቃ በኋላም ክሩን ቀስ አድርገው ሳቡት። በዲስኩ ተጎድቶ የነበረው ሥር በጥቂት መነካት ብቻ የቀድሞውን የእግር ሕመም ቀሰቀሰ። ጤናማው ሥር ግን እንዲያ አልሆነም። ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚፈቅድ አይመስለኝም፤ ትምህርቱ ግን ቀርቷል። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስዊድን ኦልማርከርና ባልደረቦቹ ከአሳማዎች የዲስክ እምብርት ወስደው፣ ምንም ጫና ሳያደርጉ፣ በዚያው እንስሳ የነርቭ ሥሮች ላይ አኖሩት። በቀናት ውስጥ የነርቮቹ መልእክት የማስተላለፍ ፍጥነት ቀነሰ። የእምብርቱ ንጥረ ነገር ራሱ ብግነት ያስነሣል ማለት ነው። የተጫነ ነርቭ ይደነዝዛል፣ ይደክማል፤ የተጫነና የቆጣ ነርቭ ግን ይጮኻል። ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ እግር ድረስ የሚወርደው መብረቅ መሰል ሕመምም ከዚሁ የመጣ ነው፦ የሆድና የደረት ግፊት ደሙን ወደ ቦዩ ደም መላሾች ይገፋል፣ የከረጢቱ ፈሳሽ ግፊት ይጨምራል፣ የቆጣው ሥር ይወጠራል።

ወደ ቁጥሮች ስንመጣ የዓረፍተ ነገሩ ግርማ ይበልጥ ይቀንሳል። በ1994 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በታተመ ጥናት ወገባቸውን አመመን የማይሉ 98 ሰዎች በኤምአርአይ ተመርምረዋል። ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ የተገኘባቸው 52 ከመቶ ናቸው፤ በአንድ ወገን ወጣ ያለ ዲስክ ያላቸው 27 ከመቶ ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ብሪንጂክጂና ባልደረቦቹ ሕመም የሌላቸውን 3110 ሰዎች የሚመለከቱ 33 ጥናቶችን በአንድ አሰባስበው ነበር፤ የዲስክ ማበጥ በ20 ዓመት ዕድሜ 30 ከመቶ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 84 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነውን ሁሉ አሁን ብንመረምር ወረቀቱ ስንቶቻችንን ሊያስደነግጥ እንደሚችል ገምቱ። ምስል የሚያሳየው ቅርጽን ነው፤ በሽታ የሚታወቀው የሰውዬው አቤቱታና የእጅ ምርመራው ከምስሉ ጋር ሲገጥሙ ነው። የሚያመው ቀኝ እግሩ ሆኖ ዲስኩ በግራ ከወጣ ዲስኩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም የወጣ ዲስክ እንደወጣ አይቀርም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የጥናቶች ስብስብ እንዳሳየው፣ ያለ ቀዶ ሕክምና በቆዩ ታካሚዎች ዘንድ ተነጥሎ የወደቀው ቁራጭ በ96 ከመቶው መጠኑ ቀንሶ ተገኝቷል፤ በጥቂቱ ያበጠው ዲስክ ግን የቀነሰው በ13 ከመቶው ብቻ ነው። በምስል ላይ እጅግ የሚያስፈራው ቁራጭ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ነው። ምክንያቱ፣ ከዲስኩ ውስጥ ወጥቶ ደም ወዳለበት ስፍራ ሲደርስ የመከላከያ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥረው ስለሚበሉት ነው። በኔዘርላንድስ 283 ከባድ የእግር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ወገን ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኝ፣ ሌላው እንዲጠብቅ ተደረገ። ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቀዶ ሕክምና ያገኙት ፈጥነው ዳኑ፤ በአንድ ዓመት ግን በሁለቱም ወገን ያገገመው 95 ከመቶ ነበር። እርግጥ ከሚጠብቁት መካከል 39 ከመቶው ሕመሙን መታገሥ አቅቷቸው በመካከል ቀዶ ሕክምና አድርገዋል፤ ይህን ሳይጠቅሱ «መጠበቅ እኩል ነው» ማለት ማታለል ነው። ለታካሚዎቼ የምላቸው፣ በዚህ ሁኔታ ቀዶ ሕክምና ጊዜን ይገዛል የሚለውን ነው። የእለት እንጀራው በጉልበቱ ለሆነ ሰው ያ ጊዜ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙ ሳይቋረጥ ማረፍ ለሚችል ደግሞ ላያስፈልገው ይችላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታ አለ፤ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንድትይዙ እመርጣለሁ። ትልቅ የዲስክ ቁራጭ በመሐል መስመር በድንገት ሲወጣ ስቡም ፈሳሹም ቦታ ለመልቀቅ ጊዜ አያገኙም። የፈረስ ጅራቱ ሥሮች በሙሉ ከረጢቱ ውስጥ ይጨፈለቃሉ፤ ከደም ወሳጅ ግፊት እጅግ ባነሰ ግፊት የሥሮቹ ጥቃቅን ደም መላሾች ይዘጋሉ። ምልክቶቹ፦ በሁለቱም እግር የሚወርድ ሕመም ወይም ድክመት፤ በኮርቻ ላይ ብንቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው የሰውነት ክፍል መደንዘዝ፤ ሽንት ለመሽናት መቸገር ወይም የፊኛን መሙላት አለማወቅ፤ ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤ በግብረ ሥጋ ጊዜ ስሜት ማጣት ናቸው። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ከ48 ሰዓት በፊት ከረጢቱ ነጻ ከወጣ ውጤቱ ከዘገየው የተሻለ መሆኑ ታውቋል፤ ከዚያም በታች በፈጠነ መጠን ይመረጣል።

አደጋውን የሚያባብሰው ኀፍረታችን ነው። ስለ እግሩ አንድ ሰዓት የሚያወራ ሰው ስለ መቀመጫው አንዲት ቃል አይተነፍስም። አዛውንት እናት በልጃቸው ፊት ስለ ሽንታቸው አይናገሩም፤ ወጣት ባልም በሚስቱ ፊት ስለ ሌላው ዝም ይላል። ተማሪዎቼ፣ ታካሚው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። አስታማሚውን በትሕትና አስወጡና በግልጽ አማርኛ ጠይቁ፦ «ሲታጠቡ እዚያ ቦታ እጅዎ ይሰማዎታል? ሽንትዎ እንደ ወትሮው ይወርዳል?» አንድ ተጨማሪ ወጥመድም አለ። ነርቮቹ ፈጽሞ ሲደነዝዙ ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል። ትናንት ሲጮኽ የነበረ ሰው ዛሬ «ተመስገን፣ ቀለለኝ» ሲል እግሩ ግን ከዝሎ ከሆነ፣ ያ መሻል አይደለም።

አንገት ሌላ ዓለም ነው። እዚያ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ነው። የቦዩ ስፋት ከፊት ወደ ኋላ በአማካይ ወደ 17 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ በተፈጥሮው ከ13 ሚሊሜትር በታች የሆነለት ሰው መጠባበቂያው ትንሽ ነው። በአንገት የሚያታልለን ሕመም አለመኖሩ ነው። ታካሚው አንገቱን ላያመው ይችላል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግረዋል፤ እንጀራ ቆርሶ ለመጠቅለል ጣቶቹ አይታዘዙትም፤ የእጅ ጽሑፉ ይበላሻል፤ በጨለማ ሲሄድ ይወላገዳል። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። እንዲህ ያለው የሕብለ ሰረሰር ጫና በብዙዎች ዘንድ ደረጃ በደረጃ ይባባሳል፤ የቀዶ ሕክምናው ዋና ዓላማም የጠፋውን ከመመለስ ይልቅ የቀረውን ማዳን ነው።

በአገራችን ላይ ጥቂት ልጨምር። ወገብ ሲታመም «ኩላሊቴን ነው» ማለት የተለመደ ነው፤ በዚህ ስንት ሰው የኩላሊት መድኃኒት ሲወስድ እንደሚከርም ሁላችንም እናውቃለን። ከረጢቱን የሚጫነውም ሁሉ ዲስክ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ወደ አከርካሪ ሲደርስ አጥንቱንና ዲስኩን በልቶ መግል ወደ ቦዩ ይገፋል፤ ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የጻፈው የጉብጠትና የእግር ሽባነት በሽታ ይኸው ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው አገሮች መካከል የተመዘገበች በመሆኗ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ክብደት ከቀነሰ፣ ሌሊት ካላበው፣ ተኝቶም ሕመሙ ካልተወው ስለ ዲስክ ከማሰባችን በፊት ስለ ነቀርሳ ማሰብ አለብን። ሕክምናው ከቢላ በፊት መድኃኒት ነው፤ በጊዜው ከተጀመረ ሽባውን ያስነሣል።

ስለ ወጌሾችም ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ሐኪም በሌለበት ገጠር ስንቱን ስብራት ያቃኑ ሰዎች ናቸውና በንቀት አልናገራቸውም። የደከመ ጡንቻ በእጅ ቢታሽ ጉዳት የለውም። ነገር ግን እጁ የሚዝል፣ አረማመዱ የተበላሸ፣ ወይም ሽንቱ የተያዘ ሰው አንገቱም ወገቡም ሊጠመዘዝ አይገባም። መጠባበቂያ ቦታው ባለቀበት ቦይ ውስጥ ድንገተኛ ንቅናቄ የቀረውን ሊጨርሰው ይችላል። ብልህ ወጌሻ ይህን ሲነገረው ይገባዋል፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ታካሚ እየላኩልን ነው።

በመጨረሻ ስለ ቀዶ ሕክምናው የተላከልኝን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። ከኋላ በኩል ትንሽ መስኮት በአጥንቱ ላይ ይከፈታል፤ ከረጢቱና የነርቭ ሥሩ በስስ መሣሪያ ወደ ጎን ፈቀቅ ይደረጋሉ፤ ከሥራቸው ያለው የዲስክ ቁራጭ ይወጣል። ዲስኩ በሙሉ አይወጣም፣ በሌላም አይተካም። እጃችን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠነቀቀው ለዚያች ሽፋን ነው። ከተቀደደች ፈሳሹ ይፈስሳል፤ በዚያው ሰዓት በቀጭን ክር ትሰፋለች፤ ታካሚውም አንዳንዴ ለጥቂት ጊዜ ጋደም ብሎ እንዲቆይ ይደረጋል። አብዛኛው ሰው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ተነሥቶ ይራመዳል። ወደ ሥራ የሚመለስበት ጊዜ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል፤ ስለ ሸክም፣ ስለ መንዳትና ስለ ፍራሽ የጻፋችሁልኝን ግን በጥያቄው ሰዓት በየተራ እመለስባቸዋለሁ። ድምፅ ማጉያው በመካከለኛው መተላለፊያ ላይ አለ፤ ከኋላ ወንበር ካሉት እንጀምር።